የሲሚንቶው ልስን ለምን ይረግፍ እንደነበር

ጉለሌ ያለው የእናቴ ቤት የጭቃ ቤት ነው። ክረምት ባለፈ ቁጥር የሳሎኑ ግድግዳ ከጉልበት በታች ልስኑ ይረግፋል። ሁለት ጊዜ በሲሚንቶ አስለሰንነው፤ ሁለቴም ወደቀ። አምና ቤቱን ስናድስ በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። አንዱን ቁራጭ ስገነጥለው ከኋላው ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ እርጥብ ነበር፤ የባሕር ዛፉ እግርም በስብሶ እጄ ላይ ተፈረፈረ።

ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን አብሮት አይሄድም፤ የገባውንም ውሃ አፍኖ ይይዘዋል። ውሃው ደግሞ የሚመጣው አሸንዳ ከሌለው ጣራ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ አሸንዳ አስገጠምን። ሲሚንቶውን ሙሉ በሙሉ አራግፈን የበሰበሰውን እንጨት ቀየርን። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተን፣ በየቀኑ ውሃ እየጨመርንና እየረገጥን አንድ ሳምንት አቆየነው። ይህን ጊዜ እባካችሁ አታሳጥሩት፤ ጭዱ ሲበሰብስ ነው ጭቃው ጥሩ አድርጎ የሚይዘው። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ ጠበቅን፣ በላዩ በስሱ ደገምን፣ በኖራ ቀባን። ፕላስቲክ ቀለም ቢሆን እንደ ሲሚንቶው ያፍነው ነበር።

እናቴ ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም አለች፤ አቧራው ግን ያስላት ጀመር። በጣም አሳሰበኝ። የሚሠራበትን ክፍል በር በረጠበ አንሶላ ጋረድነው፣ ማታ ማታ እያጠብን መልሰን ሰቀልነው። በሁለተኛው ቀን ሳሏ ቀለል አለ።

ዘንድሮ ክረምቱ አልፏል። መዳፌን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ ደረቅ ነው።