የሌላውን ባህል ለመረዳትና ልዩነቱን ለመቀበል ከየት እንጀምር?

ሁለት ሰዎች አዲስ ሥራ ላይ ተገናኝተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱ ሲናገር ሌላው ዓይኑን ሰበር አድርጎ ያዳምጣል። ተናጋሪው በሆዱ «ይሄ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ» ይላል። አዳማጩ ደግሞ «ምን ዓይነት ደፋር ነው፣ እንዲህ የሚያፈጥብኝ» እያለ ነው። ሁለቱም የሚያሳዩት ያደጉበትን ጨዋነት ነው። ግን ተቀያይመው ተነሱ።

እንዲህ ያለው ቅያሜ ሁሌም ያሳዝነኛል። ማንም ሳያጠፋ የሚመጣ ጠብ ነውና። የሚከተሉት እርምጃዎች እሱን ለመቀነስ ይረዳሉ።

1. ባህል ምን ምን እንደሚይዝ እወቁ

ባህል ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ልብስ፣ ምግብና ጭፈራ ነው። እነሱ ከላይ የሚታዩት ናቸው። እንግሊዛዊው የአንትሮፖሎጂ (የሰው ልጅና የባህሉ ጥናት) ሊቅ ኤድዋርድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1871 ባህልን ሲተረጉም እውቀትን፣ እምነትን፣ ኪነ ጥበብን፣ ሥነ ምግባርን፣ ሕግንና ወግን አስገብቶበታል። በዚህ ላይ ሰው የማኅበረሰብ አባል በመሆኑ የሚያገኘውን ሌላ ችሎታና ልማድ ሁሉ ጨምሮበታል። «የሚያገኘውን» የምትለዋን ልብ በሉ። ባህል አብሮን አይወለድም። ሕፃን ከማንም ይወለድ፣ የሚይዘው ያሳደጉትን ሰዎች ቋንቋና ወግ ነው።

ሰውን የሚያጋጨው ግን ብዙ ጊዜ የማይታየው ክፍል ነው። ማን ቀድሞ ይናገራል? ዝምታ እሺታ ነው ወይስ እምቢታ? ሰው ሳይከፋው እምቢ የሚባለው እንዴት ነው? ስንነጋገርስ ምን ያህል እንጠጋጋለን? ይህን የመጨረሻውን አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጥንቶታል። እሱ ባያቸው አሜሪካውያን ዘንድ ከወዳጅ ጋር ለመጨዋወት የሚመቸው ርቀት ከ45 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ነበር። ሌላ ቦታ ያደገ ሰው ከዚያ ሊጠጋ ወይም ሊርቅ ይችላል። አንዱ ሲጠጋ ሌላው ወደኋላ ይላል። የተጠጋው «ሸሸኝ» ብሎ ይከፋዋል፤ ወደኋላ ያለው «መፈናፈኛ አሳጣኝ» ይላል። ርቀቱን ለክቶ የሚያውቅ የለም። ሰውነታችን ግን ያውቀዋል።

2. መጀመሪያ የራሳችሁን ባህል እዩት

ይሄኛው ይከብዳል። የራሳችን ወግ ለእኛ ወግ አይመስለንም። «ትክክሉ» እሱ ብቻ ይመስለናል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዊልያም ግርሃም ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1906 የጻፈው ስለዚሁ ዝንባሌ ነበር። የራስን ወገን የሁሉ ነገር መሐል አድርጎ ሌላውን በእሱ መመዘን ማለት ነው።

ለአንድ ሳምንት ይህን ሞክሩ። «ሰው እንዲህ ያደርጋል እንዴ?» ባላችሁ ቁጥር ምን አይታችሁ እንደሆነ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ያቺ ጥያቄ የመጣችው የእናንተ ባህል ስለተነካ ነው።

ቀጥሎ «ነውር ነው» ተብላችሁ ያደጋችሁባቸውን አምስት ነገሮች ዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ጎን ክልከላው ምን ለመጠበቅ እንደመጣ ጻፉ። የታላቅን ክብር? ንጽሕናን? የቤትን ሰላም? ይህን መልመጃ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ። ሌሎችም ያንኑ ነገር ሲጠብቁ ታገኟቸዋላችሁ። የተለየው አጠባበቁ ነው። አንዱ ዘንድ ክብር ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው፤ ሌላው ዘንድ ደግሞ የልብን በግልጽ መናገር።

3. ያያችሁትን ከፈረዳችሁት ለዩ

አንድ ሰው ቀጠሮ ሰጥቷችሁ 40 ደቂቃ ዘግይቶ መጣ እንበል። ያያችሁት ይህን ብቻ ነው። «ንቆኛል» የሚለው እናንተ የሰጣችሁት ትርጉም ነው። «ባለጌ ነው» ደግሞ ፍርድ ነው። ሦስቱ በአንድ ትንፋሽ ስለሚመጡ አንድ ይመስሉናል።

ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት ምክንያት አስቡ። ምናልባት እሱ ባደገበት ቦታ የሚያናግሩትን ሰው ወሬ አቋርጦ መሄድ ከመዘግየት የባሰ ነውር ይሆናል። ምናልባት «በአራት ሰዓት» ሲባል «በአራት ሰዓት አካባቢ» ማለት ይሆናል። ወይም መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል። ሁሉንም ነገር ባህል ላይ ማላከክም ስህተት ነው።

4. ጠይቁ፣ አጠያየቁን ግን አሳምሩ

«እናንተ ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ?» ከተባለ ሰው መከላከል ይጀምራል። «እኔ የለመድኩት እንዲህ ነው፤ እናንተ ጋስ እንዴት ነው?» ሲባል ግን ጨዋታው ይከፈታል። አንድን ሰው የወገኑ ሁሉ ቃል አቀባይ አታድርጉት። በአንድ ቤት ያደጉ ወንድምና እህት እንኳ አይመሳሰሉም።

5. አንድ ነገር አብራችሁ ሥሩ

ጎን ለጎን መኖር ብቻውን አያቀራርብም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ጥላቻን የሚቀንሰው ግንኙነት ምን ዓይነት እንደሆነ ጽፏል። ሰዎቹ በእኩልነት ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ተባብረው ሲሠሩና የበላይ አካል ሲደግፋቸው ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንዱ ሁሌ አዛዥ፣ ሌላው ሁሌ ታዛዥ የሆነበት ቦታ ላይ መተዋወቅ አለ ለማለት ይከብደኛል።

6. የመቀበልን ድንበር እወቁ

መቀበል ማለት ሁሉን መውደድ ወይም የራስን መተው አይደለም። «ለእኔ እንግዳ ነው፤ ለእሱ ግን ትርጉም አለው» ማለት ይበቃል። ሰው ላይ ጉዳት ሲደርስ ግን ሌላ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የባህል ብዝኃነት ዓለም አቀፍ መግለጫ አንቀጽ 4 ማንም ባህልን ሰበብ አድርጎ ሰብዓዊ መብትን ሊጥስ እንደማይችል ይደነግጋል። በየባህሉ ውስጥም «ይህ ልማድ ይቅር» የሚሉ የዚያው ባህል ልጆች አሉ። እነሱንም ስሟቸው።

7. ስትሳሳቱ

መሳሳታችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። «አላወቅኩም ነበር፣ ይቅርታ፤ እንዴት ነበር ማድረግ የነበረብኝ?» በሉ። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ በሚቀጥለው ጊዜ እንደነገሯችሁ አድርጉት።