ሚዩ ኮሉምቤን ያለ መሳሪያ ማየት ለምትፈልጉ የድሬና የሐረር ልጆች

ይቺ ኮከብ ብሩህነቷ 5.2 አካባቢ ነው (ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ኮከቡ ይደበዝዛል)፣ ዓይን ብቻውን የሚችለው ደግሞ እስከ 6 ስለሆነ ከዚራም ሳቢያንም ጀጎል ውስጥም ሆናችሁ አትልፉ፣ መብራቱ ይውጣታል። የምትታየው በደቡብ በኩል ነው፣ ስለዚህ የከተማው መብራት ከጀርባችሁ እንዲሆን ድሬዎች ደንገጎ ውጡ፣ ሐረሮች ሐኪም ጋራን ተሻገሩ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ጅብ አለ፣ ደንገጎ ላይ ደሞ ብርድ ስላለ ጃኬት ያዙ።

ጊዜው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ፣ ከማታ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ጨረቃ በሌለችበት ሰሞን። ሞባይላችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ 20 ደቂቃ ጨለማውን ልመዱ፣ በመሀል አንዴ ስክሪን ካያችሁ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ወደ ደቡብ ዞራችሁ ቀና በሉ፣ ከአናት ትንሽ ዝቅ ብሎ ሶስት ኮከብ የተደረደረበት የኦሪዮን ቀበቶ አለ። ከሱ ቀጥ ብላችሁ ስትወርዱ አርነብ የምትባል ኮከብ፣ ያንኑ ያህል ስትደግሙ ፋክት የምትባል ኮከብ፣ ሁለቱም በደንብ ይታያሉ። አሁን ክንዳችሁን ዘርጉና ከፋክት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ወደ ላይ ትንሽ ወደ ግራ ሂዱ፣ እዛ ጋ ያለችው ደብዛዛ ነጥብ እሷ ናት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ላምዳ በምትባለው ነው፣ እሷ ከፋክት ጋር እኩል ከፍታ ላይ በግራ በኩል ናት፣ ሚዩ ግን ከፍ ትላለች። አትፍጠጡባት ትጠፋለች፣ ጎኗን እዩ፣ ደካማ ብርሃን የሚይዙት የዓይናችን ሴሎች መሀል ላይ ስለሌሉ ነው። ሰማያዊ ነጭ ቀለሟን ለማየት ግን ባይኖኩላር ያስፈልጋል።

ለምን እሷን? ሙቀቷ ወደ 33,000 ኬልቪን ነው፣ ፀሐያችን 5,800 ብቻ። እንዲህ የጋለ ኮከብ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ከተወለደበት ጋዝ ብዙም አይርቅም፣ እሷ ግን ባዶ ቦታ ላይ ብቻዋን ናት። በ1954 እ.ኤ.አ. ብላውና ሞርጋን የሚባሉ አስትሮኖመሮች ኮከብ ከሚወለድበት የጋዝ ደመና፣ ከኦሪዮን ኔቡላ አካባቢ እየሸሸች እንደሆነ አሳዩ፣ በሰከንድ ከ100 ኪሎሜትር በላይ ትበራለች፣ የወጣችውም ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ጥንድ ጥንድ ኮከቦች ተጠጋግተው በስበት ሲወራወሩ ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ እንዳገኛችኋት ወዲያው ከቀበቶው ስር ወዳለችው ጭጋግ መሳይ ነገር ቀና በሉ፣ የመጣችበት ሰፈር እሱ ነው፣ መሀላቸው ያለው ሰማይ በሙሉ የሄደችበት መንገድ ነው። አብራት የተወረወረችው ኤኢ ኦሪጌ የምትባል ኮከብ በሰሜን በኩል ናት፣ እሷን ግን ያለ ባይኖኩላር አትድከሙ።