የመኪና በርን ቁልፍ ሞተር ከሚያስነሳው ቁልፍ ጋር ማስማማት እንዴት ይቻላል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ኪሱ ውስጥ ሁለትና ሦስት የመኪና ቁልፍ ቢገኝ አይገርምም። አንዱ ሞተር ያስነሳል። አንዱ የሹፌሩን በር ይከፍታል። ሌላው የጋቢናውን። ጠዋት በውርጭ፣ በደነዘዘ ጣት ትክክለኛውን መፈለግ እንዴት እንደሚያበሳጭ የሚያውቀው ያውቀዋል።

የእኔ ኮሮላ ዲኤክስም እንዲህ ሆና ነበር። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ በጉም ውስጥ የሹፌር በኩል በሯ ተጋጨ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። በሩ ግን የሚቃና አልነበረም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ በር ገዛሁ። በሩ ከነሲሊንደሩ፣ ማለትም ቁልፍ ከሚገባበት ክብ ዕቃ ጋር መጣ፣ ቁልፍ ግን የለውም። አንድ ጋራዥ የሞተር ማስነሻውንም የበሮቹንም ሲሊንደር በሙሉ በአንድ ላይ ካልቀየርክ አይሆንም አለኝ። ይሆናል። በአንድ ከሰዓት፣ አዲስ ዕቃ ሳይገዛ ይሆናል።

መጀመሪያ ግን ሥራው ጭራሽ የማያስፈልግ መሆኑን አረጋግጡ። የድሮው በር ሲሊንደር በእጃችሁ አለ? ደህና ነው? እንግዲያው ምንም አትፍቱ። እሱን ነቅላችሁ አዲሱ በር ላይ ግጠሙት፣ አለቀ። ብዙ ሰው የድሮውን በር ከነሲሊንደሩ ለቆራሌው ሰጥቶ ሲያበቃ ነው ቁልፍ የሚያስበው። በሩን ከመሸጣችሁ በፊት ሲሊንደሩን አውጡ። የተሰነጠቀ ቢሆንም አውጡት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛው ነገር፣ ሞተር የሚያስነሳውን ቁልፍ የበሩ ሲሊንደር ውስጥ አስገቡት። እስከ መጨረሻው ገብቶ አልዞርም ካለ ተስፋ አለ። ጭራሽ ካልገባ የቁልፉ ጎን ላይ ያለው ቦይ ከሲሊንደሩ አፍ ጋር አይገጥምም ማለት ነው። ያንን ሲሊንደር ምንም ብታደርጉት አይስማማም። ሌላ ፈልጉ። ያገለገለ ሲሊንደር ስትገዙ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሞክሩ። የግራና የቀኝ በር ሲሊንደር ከኋላ ያለው ጭራው ስለሚለያይ የትኛው በር እንደሆነም ተናገሩ። ከሱቅ ግዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። መንገድ ላይ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሚያዞር ሰው አትግዙ፤ የሌላ ሰው መኪና ተሰብሮ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሲሊንደሩ ውስጥ ምን አለ?

ይህንን ክፍል አትዝለሉት። የገባው ሰው ቀሪውን ያለ መመሪያም ይሠራዋል።

ሲሊንደሩ ሁለት ነገር ነው። ውጪው የማይንቀሳቀስ ቤት ነው። ውስጡ ደግሞ ቁልፉ የሚገባበትና አብሮት የሚዞር ክብ ብረት አለ። እሱን እዚህ ‹ልብ› እለዋለሁ። ልቡ ላይ በተርታ የተሰነጠቁ ቀጫጭን ቦታዎች አሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ ከአውራ ጣት ጥፍር የምታንስ ጠፍጣፋ ብረት ተቀምጣለች። ‹ቅጠል› እንበላት። ቅጠሏ መሃሏ ቀዳዳ ነው፤ ቁልፉ በዚያ ያልፋል። ከጎኗ ደግሞ ትንሽዬ ሞላ ትገፋታለች።

ቁልፍ ሳይኖር ሞላዎቹ ቅጠሎቹን ወደ ውጭ ይገፏቸዋል። ቅጠሎቹ ቤቱ ላይ ካለው ቦይ ይገቡና ልቡ እንዳይዞር ይይዙታል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ የቁልፉ ጥርስ እያንዳንዷን ቅጠል በልኳ ይስባታል። ሁሉም ከልቡ ገጽ ጋር እኩል ይሆናሉ። ያኔ ልቡ ይዞራል።

የቅጠሎቹ ልዩነት ቀዳዳቸው ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ብቻ ነው። ብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ ዓይነታቸው ሦስት ወይም አራት ነው። ብዙ ጊዜ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር ተቀርጾባቸዋል። ስለዚህ ሥራችን ቅጠሎቹን በቁልፋችን ጥርስ ልክ መደርደር ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

በብዙ መኪና የሞተር ማስነሻው ከበሩ የበለጠ ቅጠል አለው። በር የሚከፍት ቁልፍ ሞተር ላያስነሳ የሚችለው ለዚህ ነው። እኛም በሩን ወደ ሞተሩ ቁልፍ እናመጣለን እንጂ ሞተሩን ወደ በሩ አንወስድም። የሞተር ማስነሻው ከመሪ መቆለፊያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እሱን መፍታት ለባለሙያ ይተው። ቁልፋችሁ ውስጥ ቺፕ ቢኖርም አትስጉ፤ የበር ቅጠል መቀየር ቺፑን አይነካውም።

የቱን ቁልፍ እንያዝ?

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ያስተካከልኩት በየቀኑ በምይዘው ቁልፍ ነበር። ያ ቁልፍ ደግሞ ከተበላ ቁልፍ የተቀረጸ፣ እሱም ራሱ ለዓመታት የተበላ ነበር። በሩ ቆንጆ አድርጎ ሠራ። ከወር በኋላ ባለቤቴ ቤት የተቀመጠውን ትርፍ ቁልፍ ይዛ ሄደች፤ በሩ አልከፍትም አላት። ቅጠሎቹን የደረደርኩት ለተበላ ጥርስ ነበራ። ሁሉንም እንደገና ፈታሁ።

ስለዚህ ከፋብሪካ የመጣውን ቁልፍ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የመኪናው ስም ጀርባው ላይ ተጽፎበታል። እሱ ከሌለ ካሏችሁ ሁሉ ጥርሱ ሹልና ጥርት ያለውን ምረጡ። ሥራው ሲያልቅ አዲስ ቁልፍ የምታስቀርጹትም ከእሱ ይሁን።

በሩን መፍታት

ጠፍጣፋና ባለመስቀል ካቻቢቴ፣ አፈ ቀጭን ፒንሳ፣ 10 ቁጥር መፍቻ፣ ወረንጦ፣ ነጭ ጨርቅ የተነጠፈበት ትሪ አዘጋጁ። ስልካችሁ ካሜራ ይሁናችሁ።

ሰዓቱን ምረጡ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የበሩን ልባስ የሚይዙት የፕላስቲክ ቆንጣጮች እንደ ደረቅ ቂጣ ነው የሚሰበሩት። መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቁሟትና ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ጀምሩ። ቆላ ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ግን ጥላ ፈልጉ።

መስታወቱን እስከ ላይ ዝጉት። መስታወቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ወይም መኪናው ኤርባግ ካለው የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ የክንድ መደገፊያውንና የውስጥ መክፈቻውን ብሎኖች ፍቱ። በእጅ የሚዞረው የመስታወት ማዞሪያ ከኋላው በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ሽቦ ተይዟል። ጨርቅ ከጀርባው አስገብታችሁ ግራና ቀኝ ብትስቡት ሽቦው ተስፈንጥሮ ይወጣል። የት እንደሚወድቅ ተመልከቱ። አሁን ልባሱን ከታች ጥግ ጀምራችሁ በጠፍጣፋ ነገር እያላቀቃችሁ ወደ ላይ አንሱት።

ከልባሱ ጀርባ የተለጠፈ ላስቲክ ታገኛላችሁ። አትቅደዱት። በክረምት በመስታወቱ ጠርዝ የሚገባው ውኃ ወደ መቀመጫ እንዳይመጣ የሚከለክለው እሱ ነው። ጥጉን ብቻ ላጥ አድርጉት።

እጃችሁን አስገብታችሁ የሲሊንደሩን ጀርባ ፈልጉ። የበሩ ብረት ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሆነ ጓንት አድርጉ። ከሲሊንደሩ ጭራ ጋር የተያያዘ ቀጭን ዘንግ አለ። የያዘችውን ትንሽ ፕላስቲክ አዙራችሁ ዘንጉን አላቁት። በአሮጌ መኪኖች ሲሊንደሩን የሚይዘው ከበሩ ቆርቆሮ ጀርባ የገባ ሹካ መሰል ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ በፒንሳ ይሳባል። በአዳዲሶቹ ግን ብሎኑ ያለው በበሩ ጠርዝ፣ በትንሽ ክዳን ሥር ነው። ከመንካታችሁ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንሱት። እንዴት ነበር ብላችሁ የምትጠይቁት ሌላ ሰው የለም።

ቅጠሎቹን መደርደር

አሁን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ነፋስ ከሌለበት፣ ብርሃን ካለበት፣ ልጆች ከማይደርሱበት። ሞላዎቹ እንደ ጤፍ ጭድ የቀለሉ ናቸው። መሬት ከወደቁ አታገኟቸውም። ማግኔት ቢኖር ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ ሞላውን ያነሳል። ቅጠሎቹ ግን በአብዛኛው ከነሐስ ስለሆኑ ማግኔት አይነካቸውም።

ከፊት ያለው ስስ የብረት ክዳን ጠርዙ ታጥፎ ነው የተያዘው። በቀጭን ካቻቢቴ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ አንሱት። በአንድ ቦታ ብቻ ካነሳችሁት ይጣመማል። ከሥሩ አቧራ የምትከለክል ትንሽ መዝጊያ ከነሞላዋ ትወጣለች፤ ለብቻዋ አስቀምጧት። ከዚያ ጭራውን የያዘውን ቀለበት በፒንሳ አውጡ።

ቁልፋችሁን አስገቡ። ልቡን በጣት ከበባችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ፊት ሳቡት። አታዙሩት። ቁልፉንም ገና አታውጡት፤ ካወጣችሁት ቅጠሎቹ በሞላ ተገፍተው ሊፈናጠሩ ይችላሉ።

አሁን ልቡን ብርሃን ላይ ያዙትና ከጎን ተመልከቱት። ከገጹ ጋር እኩል የሆኑት ቅጠሎች ከቁልፋችሁ ጋር ተስማምተዋል። አትንኳቸው። ብቅ ያሉት ናቸው የሚቀየሩት። ከፊት ጀምራችሁ ቁጠሩና ወረቀት ላይ ጻፉ፤ አንደኛ ደህና፣ ሁለተኛ ትቀየር፣ እያላችሁ። ቁልፉ በቅጠሎቹ ቀዳዳ ስለሚያልፍ እሱ ውስጥ እያለ አይወጡም፤ ስለዚህ አሁን ቅጠሎቹን በጣት ይዛችሁ ቁልፉን ቀስ ብላችሁ አውጡ።

የተሰነጠቀውን የድሮ ሲሊንደር ያስቀመጣችሁ አሁን ትደሰታላችሁ። ቤቱ ቢሰበርም ቅጠሎቹ ደህና ከሆኑ መልሱ እዚያው ተደርድሮ ይገኛል። የድሮውን ልብ አውጡና አንደኛውን ወደ አንደኛ፣ ሁለተኛውን ወደ ሁለተኛ አዛውሩ። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ስሠራ ይህንን ነው ያደረግኩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

የድሮ ሲሊንደር ከሌለስ? ብቅ ያሉትን አንድ በአንድ በወረንጦ አውጥታችሁ እርስ በርስ አለዋውጧቸው። ሦስተኛ ቦታ ላይ ያስቸገረችው አምስተኛ ቦታ ላይ ልክ ልትሆን ትችላለች። ቁልፉን እየመለሱ ሁለት ጊዜ ወይም ሦስት ጊዜ መሞከር ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት ቦታ በላይ ባዶ አታድርጉ። ሞላዋ በየት በኩል እንደነበረች ልብ በሉ፤ ጥርሱ በሁለቱም በኩል ለሆነ ቁልፍ አንዳንዶቹ ወደ ላይ፣ ሌሎቹ ወደ ታች ነው የሚገፉት። ቅጠል ካነሰ ከሌላ አሮጌ ሲሊንደር ውሰዱ። ቁልፍ ቀራጮች ጋር አንዳንዴ የተጠራቀመ ይገኛል። የመኪናዋን ሊብሬ ይዛችሁ ሂዱ። ጠንቃቃ ቀራጭ ይጠይቃችኋል፣ መጠየቁም ተገቢ ነው።

ብቅ ያለችውን በሞረድ መላግስ? የሚያደርጉት አሉ። እኔ አልወደውም። የተላገች ቅጠል ትክክል ባልሆነ ቁልፍም እሺ ማለት ትጀምራለች። በጣም ከቸገረ አንዷን ቦታ ከነሞላዋ ባዶ ትቼ ማለፍን እመርጣለሁ። አንድ ቦታ ብቻ። ሁለት ከሆነ ቁልፉ የይስሙላ ይሆናል።

መግጠምና መሞከር

ሁሉም እኩል ሲሆኑ በየቦታው የገባችውን ቅጠል ቁጥር በተርታ ጻፉና ልቡን ወደ ቤቱ መልሱ። ቁልፉን አዙሩ፣ አውጡ፣ አስገቡ። ጠረጴዛ ላይ ቢያንስ ሃያ ጊዜ ሞክሩት። በትርፉ ቁልፍም ሞክሩ። ቢያዝ አሁን ይያዝ።

ዘይትና ግራሶ አታድርጉበት። የእኛ አቧራ ከዘይት ጋር ተላቁጦ ሊጥ ይሆናል፤ በብርድ ጠዋት ደግሞ ይረጋል። የግራፋይት ዱቄት በቂ ነው። ከሌለ የእርሳስ ልብ በቢላ ፈቅፍቁና ቁልፉን ቀብታችሁ ደጋግማችሁ አስገቡት። ቁልፍ ሲረጋ ፍል ውኃ የሚያፈሱም አሉ። ውኃው ውስጥ ቀርቶ በማግሥቱ ይብሳል።

ጭራውን ከነቀለበቱ፣ መዝጊያዋንና ክዳኑን መልሱ፤ ጠርዙን በፒንሳ ዙሪያውን እኩል እጠፉት። ሲሊንደሩን በሩ ላይ ግጠሙ፤ ዘንጉን አያይዙ። ልባሱን ግን ገና አትመልሱ።

በሩ ክፍት እንዳለ መስታወቱን ዝቅ አድርጉ። የኤሌክትሪክ ከሆነ መቆጣጠሪያውንና ባትሪውን ለጊዜው መልሳችሁ አገናኙ። የማኑዋል ከሆነ ማዞሪያውን ያለ ሽቦው ሰክታችሁ አዙሩት። ከዚያ የበሩን መቆለፊያ ምላስ በካቻቢቴ ገፍታችሁ እንደተዘጋ አድርጉት። አሁን በቁልፉ ቆልፉ፤ ክፈቱ፤ የውጭ እጀታውን ሳቡ። ምላሱ ከተለቀቀ ሠርቷል። ካልተለቀቀ በሩ ክፍት ስለሆነ ምንም አልሆናችሁም፤ ዘንጉ በደንብ መያዙን እዩ። ሳትሞክሩ በሩን ዘግታችሁ እንቢ ቢላችሁ ግን ልባሱን ለመፍታት በሌላኛው በር ገብታችሁ ልትጣመሙ ነው።

ከሠራ ላስቲኩን በደንብ ለጥፉት፤ ልባሱን መልሱ፤ ባትሪውን እሰሩ። ቅጠሎቹን ስትደረድሩ የጻፋችሁትን የቁጥር ተርታ አትጣሉት። ቀጣዩን በር ስትሠሩ ሳትገምቱ በቀጥታ ትደረድራላችሁ። ግን ያ ወረቀት ራሱ ቁልፍ ነው። መኪናዋ ውስጥ ሳይሆን ቤት፣ ከትርፉ ቁልፍ ጋር አስቀምጡት።