በገዛ መሬት ዳክዬ ማደን፦ ሕጉን እንዴት እንረዳዋለን?

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኩሬ ያለው መሬት ገዛችሁ እንበል። ብርዱ ሲጀምር ዳክዬዎቹ ይመጣሉ። «መሬቱ የኔ፣ ኩሬው የኔ፤ ማን ይከለክለኛል?» ብላችሁ እንዳትነሱ። ወፎቹ የናንተ አይደሉም። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያልፉ ስደተኛ ወፎች ናቸው፤ ከ1918 ጀምሮም የፌዴራል ሕግ ይጠብቃቸዋል። የናንተ መብት «ማን ይግባ፣ ማን አይግባ» ማለት ነው።

መጀመሪያ ፈቃዱን ጨርሱ። በቨርጂኒያ ባለመሬቱ፣ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ በራሳቸው መሬት ለማደን የግዛቱን የአደን ፈቃድ ማውጣት አይጠበቅባቸውም። ዳክ ስታምፕ የሚባለው የፌዴራል የውሃ ወፍ ማደኛ ቴምብር ግን አይቀርም። 16 ዓመት የሞላው ሁሉ በ25 ዶላር ይገዛል። የወረቀቱን ከገዛችሁ ፊቱ ላይ በቀለም ፈርሙበት፤ ያልተፈረመ አይሠራም። ጓደኛ ከጋበዛችሁ እሱ የአደን ፈቃድም ያስፈልገዋል። ጎረቤት መሬት ጋ ስትደርሱ ደግሞ ዛፎቹን እዩ። ግንዱ ላይ ወደ ታች የተሰመረ ወይን ጠጅ ቀለም ካለ «ያለ ፈቃድ አትግቡ» ማለት ነው።

ቀጥሎ ጠመንጃው። ሾትጋኑ፣ ማለትም በአንድ ተኩስ ብዙ ትናንሽ ፍሬ የሚበትነው ጠመንጃ፣ በአንድ ጊዜ ከ3 ጥይት በላይ መያዝ የለበትም። የእርሳስ ጥይት ለውሃ ወፍ በመላ አገሪቱ ከ1991 ጀምሮ ክልክል ነው። ዳክዬ ምግቡን የሚፈጨው ጠጠር እየዋጠ ነው። ጭቃ ውስጥ የቀረችውን የእርሳስ ፍሬም ጠጠር መስላው ይውጣታል፣ ተመርዞም ይሞታል። እኔ በዚህ ሕግ ላይ ቅሬታ የለኝም። የብረት ጥይት ግዙ።

አሁን ሰው ሳያውቅ ወደሚጠመድበት እንምጣ፤ እህል። ኩሬው ዳር በቆሎ በትናችሁ ዳክዬ መጠበቅ ወንጀል ነው። ገበሬ በወጉ ሲያጭድ የተንጠባጠበ እህል ችግር የለውም። ቆሞ ያለ በቆሎም አይከለከልም። ያንኑ በቆሎ ግን ዳክዬ እንዲበላው ብላችሁ በትራክተር ከጣላችሁት ማባበያ ሆነ። የተበተነው አንድ ፍሬ ሳይቀር ከተጠረገ በኋላም ቦታው ለ10 ቀን አይታደንበትም። የበተነው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ፣ ማወቅ ይገባው የነበረ አዳኝ ይጠየቃል። ስለዚህ የሰው መሬት ላይ ከተጋበዛችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ይሉኝታ አይያዛችሁ። ከመተኮሳችሁ በፊትም የኩሬውን ዳር ዞራችሁ እዩ።

ሰዓቱ ቀላል ነው፤ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይጀምራል፣ ስትጠልቅ ያበቃል። የወቅቱ ቀናትና በቀን የሚፈቀደው ብዛት ግን በየዓመቱ ስለሚወጣ ከቨርጂኒያ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የዘንድሮውን አውጡ። ብዛቱ በየዝርያው ይለያያል። ወፉን ሳትለዩ አትተኩሱ።

ወደ ቤት ስትመለሱ ዳክዬውን ሙሉ በሙሉ አትንጩት። ቤት እስኪገባ ድረስ ጭንቅላቱ ወይም አንድ ክንፉ ከነላባው ይቆይ፤ ተቆጣጣሪው ዝርያውን የሚለየው በዚያ ነው። ሌላ ሰው ቤት የምታስቀምጡት ከሆነ ደግሞ ፊርማችሁን፣ አድራሻችሁን፣ ብዛቱን፣ ዝርያውንና የተገደለበትን ቀን ጽፋችሁ እሰሩበት።