ትናንሽ የብረት ዕቃዎችን በዚንክ ስለመለበጥ

ጎንደር ውስጥ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ዝናብ ያልተቀባ የበር ማጠፊያን፣ ብሎንንና ዳዶን ሳይውል ሳያድር ያዝጋል። ለእነዚህ ዕቃዎች በኤሌክትሪክ የሚለበጥ ዚንክ ከኒኬል ይሻላል፤ ኒኬል ቢያምርም ሲጫር ከሥሩ ያለው ብረት ይብሱን ይዝጋል፣ ዚንክ ግን ቢጫርም እንኳ ራሱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ይጠብቃል።

የሥራው ትልቁ ክፍል ጽዳቱ ነው። ቅባቱ በሞቀ የካስቲክ ሶዳ ውህድ፣ ዝገቱ ደግሞ በተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይወገዳል፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ዕቃው በብዙ ውሃ ይታጠባል። በመጨረሻም ውሃው በብረቱ ላይ ሳይቆራረጥ ከተዘረጋ ጸድቷል ማለት ነው፤ ጠብታ ጠብታ ከሆነ ግን ቅባት ስለቀረ ጽዳቱ እንደገና ይጀመራል። ሽፋኑ ሲላጥ ብዙዎች በኤሌክትሪኩ ያሳብባሉ እንጂ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም፤ ጓንትና መነጽር አድርጎ ነፋሻ ቦታ መሥራት ግዴታ ነው።

መለበጫው በፕላስቲክ ገንዳ ይዘጋጃል። በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ 240 ግራም ዚንክ ሰልፌትና 30 ግራም ቦሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው) 4 አካባቢ ይሁን። በሁለት ወገን የሚንጠለጠሉት የዚንክ ሰሌዳዎች ከኤሌክትሪክ ምንጩ ፖዘቲቭ፣ የሚለበጠው ዕቃ ከኔጋቲቩ ጋር ይያያዛሉ። መቆጣጠር ያለብን ከቮልቱ ይልቅ አምፔሩን ሲሆን፣ የዕቃው ፊትና ኋላ ተደምሮ ለ100 ካሬ ሴንቲሜትር 2 አምፔር ይበቃል፤ በዚህ መጠን በ20 ደቂቃ 10 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት ይገኛል። አምፔሩ ከበዛ ጠርዞቹ ይጠቁራሉ፣ ይሻክራሉም። መብራት ከጠፋ ዕቃው ወዲያውኑ ይውጣ፤ አሲዳማው ውህድ የለበጠውን ዚንክ መልሶ መብላት ይጀምራልና።

ለቤት ክዳን ይህ ውፍረት አይበቃም፤ ቆርቆሮ በቀለጠ ዚንክ የሚነከረውም ለዚህ ነው። 10.9 ወይም 12.9 የተጻፈባቸው ጠንካራ ብሎኖችም ሃይድሮጅን ገብቶባቸው ሊሰበሩ ስለሚችሉ፣ ከተለበጡ በኋላ በሰዓታት ውስጥ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለረጅም ጊዜ የሚያሞቅ ምድጃ ከሌለ ባይነኩ ይመረጣል።

ያገለገለው ውህድ ቀሃ ወይም አንገረብ ወንዝ ውስጥ አይደፋም። የፋሲል ግንብን ድንጋዮች ያያያዘው ኖራ እዚህም ይረዳል፤ ፒኤቹ 9 አካባቢ እስኪደርስ ኖራ ሲጨመርበት ዚንኩ ነጭ አተላ ሆኖ ይዘቅጣል፣ አተላውም ደርቆ በተዘጋ ዕቃ ይቀመጣል።