ለሚያስል ውሻ የሰው የሳል ሽሮፕ፦ ከምልክት እስከ መፍትሄ

ጅማ ላይ ክረምቱ ሲበረታ ደጅ የሚያድር ውሻ ማሳል ይጀምራል። ለልጅ ከተገዛው ሽሮፕ አንድ ማንኪያ ቀድቶ ማጠጣት ቀላል ይመስላል። ሽሮፕ የሚያስፈልገው ሳል ግን ጥቂት ነው፤ ውሻን የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ ሳል ማስታገሻው ሳይሆን እዚያው ጠርሙስ ውስጥ አብሮት የተቀላቀለው ነው። መጀመሪያ ሳሉን ለዩ፣ ቀጥሎ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ደረቅና ጮክ ያለ ሳል፣ መጨረሻው ላይ ነጭ አረፋ፤ ምግብ ግን አልዘጋውም

ምክንያት፦ ብዙ ጊዜ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ የመተንፈሻ ቧንቧ ሕመም ነው፤ ቦርደቴላ የተባለው ባክቴሪያና የፓራኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ዋነኞቹ ናቸው። አንገቱን ታስሮ የሚውል ውሻ ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር ገመዱን ሲስብ ቧንቧው ይቆጣል፤ ሳሉም በዚያው ቅጽበት ይነሳል።

መፍትሄ፦ ገመዱን ከአንገቱ አውጥታችሁ በደረት በሚታሰር ቀበቶ ተኩት። ከሌሎች ውሾች ለዩት፤ ከሰል ሲያያዝና ቡና ሲቆላ ከጭሱ አርቁት። ዓመት ላለፈው ውሻ ማር ጉሮሮውን ያለሰልሳል፦ ለትንሹ ግማሽ፣ ለትልቁ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ግን አይሞከሩ፤ ሽንኩርቱ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ብዙው ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይድናል።

ሳሉ እንቅልፍ ከነሳው ሐኪም ዴክስትሮሜቶርፋን የተባለው ሳል ማስታገሻ ብቻ ያለበትን ሽሮፕ ሊፈቅድ ይችላል። የሚታዘዘው በኪሎ ክብደት ከ0.5 እስከ 2 ሚሊ ግራም፣ በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ ነው። ክብደቱን ለማወቅ ውሻውን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡና የራሳችሁን ቀንሱ። ጠርሙሱ «በ5 ሚሊ ሊትር 15 ሚሊ ግራም» የሚል ከሆነ 1 ሚሊ ሊትሩ 3 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ለ12 ኪሎ ውሻ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ 4 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በማንኪያ አትገምቱ፤ መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ ይሻላል። ጫፉን በጉንጩና በጥርሱ መካከል አስገብታችሁ በዝግታ ግፉ። አንገቱን ወደ ላይ ካቀናችሁት ሽሮፑ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል። ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወይም የድብርት መድኃኒት ለሚወስድ ውሻ ዴክስትሮሜቶርፋን አይሰጥም።

ጠርሙሱ ላይ ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ሱዶኤፌድሪን፣ ፌኒሌፍሪን፣ ካፌይን፣ ኮዴይን፣ አልኮል ወይም ዛይሊቶል ካነበባችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት። ዛይሊቶል በስኳር ፋንታ የሚገባ ማጣፈጫ ነው፤ ስኳር የለውም በሚባለው ሽሮፕ ውስጥ ይገኛል። ሳልቡታሞል የተቀላቀለበትም የውሻን ልብ ያስሮጣል። አንድ የ500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ክኒን ለ5 ኪሎ ውሻ በኪሎ 100 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህ ጉበት የሚጎዳ መጠን ነው።

እርጥብ፣ አክታ ያለው ሳል

ይህ ሳል ሳንባውን እያጸዳ ስለሆነ ማፈን ጉዳት ነው። ከ39.4 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ተቅማጥ ከተጨመረበትና ውሻው ካልተከተበ ዲስቴምፐር የተባለው የውሻ የቫይረስ በሽታ ይጠረጠራል። ቡችላ ላይ በሳንባ በኩል የሚያልፍ የአንጀት ትል እጭም ያስላል፤ የሚያድነው የትል መድኃኒት ነው። ሌሊት ሌሊት የሚያስልና ትንሽ ሄዶ የሚደክም ያረጀ ውሻ ልቡ ይታይ። ሦስቱም የሐኪም ሥራ ናቸው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ኮሌጅ ያለው ስለሆነ ከተማው ውስጥ ሐኪም አይታጣም።

አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል፤ ለሃጭ ይዝረበረባል፣ መዋጥ አቅቶታል፣ ድምፁ ተለውጧል

እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳታስገቡ፤ ሽሮፕም ለማጠጣት አትታገሉ። በእርግጥ አጥንት ሊሆን ይችላል፤ የእብድ ውሻ በሽታም ልክ እንዲህ ይጀምራል፤ ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። ውሻውን ሰውና ከብት በማይደርሱበት ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ። ከነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስል ከነካ ቦታውን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም።

ሽሮፑ ከተሰጠ በኋላ ውሻው ተለወጠ

ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ካስታወከ፣ ከተንገዳገደና ከዛለ ዛይሊቶል የደም ስኳሩን አውርዶት ሊሆን ይችላል፤ ነቅቶ ከሆነ በመንገድ ላይ ድዱን ማር ቀቡት። ዕረፍት አጥቶ የሚያለከልክ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የዓይኑ ብሌን የሰፋ ከሆነ ሱዶኤፌድሪን ይጠርጠር። ድዱ ቡናማ ሆኖ ፊቱና መዳፉ ካበጠ ፓራሲታሞል ነው፤ ፈዝዞ ትንፋሹ ከዘገየ ኮዴይን። ለማስታወክ ብላችሁ የጨው ውሃ አታጠጡት፤ ጨው ራሱ ይመርዛል። ምልክቱ እስኪታይም አትጠብቁ፤ ሐኪም መርዙን በማስታወክ ሊያወጣ የሚችለው ከ2 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ነው። ጠርሙሱን፣ የሰጣችሁትን መጠንና ሰዓቱን ይዛችሁ ሂዱ።