የጥንት ድንጋይ ንጣፎችን ዕድሜ በፖለንና በስፖር መለየት

በትግራይ እዳጋ ዓርቢ አካባቢ ጥንታዊ የበረዶ ግግር የተወው ድንጋይ ይገኛል። በዓይን የሚታይ ቅሪተ አካል ስለማይበዛበት ዕድሜው ሲያከራክር ቆይቶ፣ በውስጡ የተገኙት ፖለንና ስፖሮች (ስፖር እንደ ፈርን ያሉ ዘር አልባ ተክሎች የሚራቡበት ደቃቅ ቅንጣት ነው) የካርቦኒፌረስ ዘመን ማብቂያንና የፐርሚያን መጀመሪያን፣ ማለትም ከዛሬ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያለውን ጊዜ አመለከቱ። ፖለንን በአማርኛ የአበባ ብናኝ እንለዋለን፤ በዚያ ዘመን ግን አበባ የሚባል ነገር ገና ስላልተፈጠረ እዚህ ላይ ፖለን ማለቱን መርጫለሁ።

ናሙና ሲወስዱ ጥቁር ወይም ግራጫ፣ ደቃቅ የሆነ የጭቃ ድንጋይ ይፈልጉ። ቀይ ድንጋይ ኦክስጅን ያገኘው በመሆኑ ፖለኑ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቷል። ፀሐይና ዝናብ የነካውን ፊት አንስተው ከውስጥ ትኩሱን ድንጋይ ይቁረጡ፤ መሣሪያውን ከናሙና ወደ ናሙና ያጽዱ፤ ወዲያውም በከረጢት ያሽጉት። በአቅራቢያው ካለ ባሕር ዛፍ በነፋስ የመጣ አንድ ፖለን ሥራዎን ሊያበላሽ ይችላል።

በላቦራቶሪ ውስጥ የተፈጨው ድንጋይ በቅድሚያ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታጥቦ የኖራው ክፍል ይወገዳል፤ ቀጥሎ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አሸዋውንና ሸክላውን ያሟሟል። ይህ አሲድ ብርጭቆን ስለሚበላ በፕላስቲክ ዕቃ ብቻ ይያዛል። በቆዳ አልፎ እስከ አጥንት ስለሚጎዳም ጭስ መሳቢያ፣ ተገቢ ጓንትና የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት ሳይዘጋጁ፣ ያለ ሠለጠነ ባለሙያም ፈጽሞ አይነካም። የፖለንና የስፖር ቅርፊት የተሠራበት ስፖሮፖለኒን ግን ይህን ሁሉ ይቋቋማል። የቀረው በ10 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ መቶኛ) ወንፊት ተጣርቶ በመስታወት ላይ ይቀመጣል።

በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ አንዱን ዓይነት ይዘው ዕድሜ አይወስኑ፤ አብረው የተገኙትን ሁሉ ይቁጠሩ። ሦስት ስንጥቅ ያለው የአበባ ተክል ፖለን ካለ ንጣፉ በዕድሜ ከታችኛው ክሬቴሺየስ (ከዛሬ 145 እስከ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ካለው ዘመን) አይበልጥም። ባለ አንድ የአየር ከረጢት ፖለን በብዛት ከታየ ደግሞ በጎንድዋና ምድር (አፍሪካን ጨምሮ የደቡብ አህጉሮች አንድ ሆነው በነበሩበት ጥንታዊ አህጉር) ወደ ካርቦኒፌረስ ማብቂያና ወደ ፐርሚያን መጀመሪያ ያመለክታል። ከጓደኞቹ ይበልጥ የጠቆረና የተሰባበረ ቅንጣት ከአሮጌ ድንጋይ ተሸርሽሮ የገባ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይመዝገብ። ከጉድጓድ ቁፋሮ የወጣ ስብርባሪ ሲሆን ከላይ ያለው ወደ ታች ስለሚወድቅ፣ አንድ ዝርያ ከላይ ወደ ታች ሲወረድ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ጥልቀት ይታመናል።

ፖለን ቅደም ተከተልን እንጂ በራሱ የዓመት ቁጥርን አይሰጥም። ቁጥሩ የሚመጣው በሰሜን ሸዋ ሙሽ ሸለቆ እንዳለው ነው፤ በዚያ የዕፅዋት ቅሪት ካለባቸው የሐይቅ ንጣፎች ጋር የተደራረበው የእሳተ ገሞራ አመድ ዩራኒየም በጊዜ ብዛት ወደ እርሳስ በመለወጡ ላይ በተመሠረተ ልኬት ወደ 21.7 ሚሊዮን ዓመት ስለተነበበ፣ አብሮት ያለው ፖለን ለሌሎች ንጣፎች ማነጻጸሪያ ይሆናል።